ንብ ያልገባበት ቀፎ

መካነ ሰላምንና ደሴን ሠላሳ ዓመት በአውቶቡስ ያገናኘነው ጋሽ አጥናፉና እኔ ነን፤ እሳቸው ሾፌር፣ እኔ ረዳት። መንገዱን የሠራነው እኛ ነን ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ጋሽ አጥናፉ ጡረታ ሲወጡ ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ እየሄዱ አውቶቡስ ይሸኛሉ። በኋላ ንብ ማነብ አማራቸው። “እስከ መስቀል ንብ ካልገባልኝ ተመልሼ መሪ እይዛለሁ” ብለው ማሉ። ዓይናቸው ደክሟልና ባለቤታቸው እትዬ ሸዋረግ በሥጋት አለቁ።

በዓለም አቻ የሌለው ቀፎ ሠርተን ጓሮ ሰቀልን። ዝናብ እንዳይነካው በአሮጌው የአውቶቡስ ሸራ ጠቀለልነው፤ በወይራም አጠንነው። አደይ ፈነዳ። ንቡ ግን ይመጣል፣ አንዴ ይዞራል፣ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ምን ጎደለው? ቀዳዳውን ለካን፤ ፊቱን አዞርን። የንብ ጠባይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ግራ ገባኝ።

እትዬ ሸዋረግ ገና ሳይጠጉ አፍንጫቸውን ያዙ።

“ናፍጣ ነው እኮ! አይሸታችሁም?”

ሁለታችንም ሸራውን አሸተትን። ምንም የለም።

“እናንተማ በየት አፍንጫችሁ! ሠላሳ ዓመት ልብሱን ያጠብኩት እኔ!”

ሸራውን ገፈን ቀፎውን በሣር ከደንነው። በደመራ ዕለት መንጋው ገባ፤ ቢያንስ አሥር ሚሊዮን ይሆናል።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጋሽ አጥናፉን መናኸሪያ ጠብቄ አጣኋቸው። ጓሮ ስደርስ ቀፎው ሥር ቁጭ ብለዋል።

“ቀስ በል” አሉኝ፣ “ወደ አደዩ ሊነሱ ነው።”