ከውሃው የሚታይ ማጥፊያ

ጡረታ የወጣችው አዋላጇ ብቻዋን አይደለም፤ ጉልበቶቿም አብረዋት ወጥተዋል። ዕድሜዋን ሙሉ በወሊድ ክፍል ቆማ ስለሠራች፣ ጠዋት ከአልጋ መውረድ ራሱ እንደ ሥራ ይከብዳት ጀመር። ሐኪሙ «ሙቅ ውሃ ውስጥ መቀመጥ ያፍታታሻል» ሲላት፣ ልጇ ውሎ ሳያድር የሙቅ ውሃ ገንዳ ገዛላት። ገንዳው ከቤቱ ጀርባ፣ በመስታወት የተከለለው በረንዳ ላይ ተቀመጠ።

ገንዳውን የገጠመው ባሏ ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቀው «እኔ እያለሁ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ቧንቧ ቢያፈስ፣ በር ቢጣመም፣ ቴሌቪዥን ቢበላሽ፣ «እኔ እያለሁ ምን ሰው ያስጠራል?» ይላል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ወይ ይድናል፣ ወይ ለይቶለት ይሞታል።

ከገንዳው ጋር የመጣው መመሪያ ስለ ማጥፊያው አጥብቆ ይናገራል፦ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ የሚቆርጥ ማጥፊያ ይኑር፤ ገንዳው ውስጥ ሆኖ የሚታይ ይሁን፤ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው እጅ እንዳይደርስበት ግን ራቅ ይበል፤ ፊቱንም ምንም ነገር አይጋርደው። አዋላጇ አንብባ ለባሏ አሳየችው።

«እይ እንጂ፣ ከውሃው የሚታይ ይሁን ይላል።»

«ውሃው ውስጥ የምትገቢው ልትዝናኚ ነው ወይስ ማጥፊያ ልትጠብቂ?» አላት። «ገመዱ የሚያልፈው በእትዬ ክፍል ነው፤ እዚያው አደርገዋለሁ። በረንዳው እንደሆነ ዙሪያውን መስታወት ነው፤ ምን ላይ ልሰካው?»

እትዬ የባሏ ታላቅ እህት ናት፤ ክፍሏ ከበረንዳው ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። አዋላጇና እትዬ አንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። የባሏ እናት የታመሙ ጊዜ እትዬ «እናቴ ከአልጋዋ አትነሳም» አለች። አዋላጇ ደግሞ «ሆስፒታል ካልገቡ አይተርፉም» ብላ ተሟገተች፤ ረታችም። እናትየው ሆስፒታል በገቡ ማግሥት፣ ከቤተሰቡ ማንም አጠገባቸው ሳይኖር አረፉ። ከዚያን ቀን ወዲህ እትዬ የወንድሟን ሚስት አኮረፈች። ጨው እንኳ የምትጠይቀው በወንድሟ በኩል ነው። «ለዚያች ሴትዮ በሩን ቀስ አድርጋ ትዝጋ በላት» ትላለች፣ ያቺ ሴትዮ እዚያው ቆማ እየሰማች።

ማጥፊያው ግድግዳዋ ላይ ሲሰካም እትዬ አልተቃወመችም። ብቻ መልኩ ስላስጠላት ወንድሟን ቁም ሣጥኑን አስገፍታ ጋረደችው። እሱም ገፋላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባል ጎማ ሊያስቀይር ወጣ። አዋላጇ ልብሷን ወንበር ላይ፣ ስልኳን ልብሷ ላይ አድርጋ ገንዳው ውስጥ ገባች። ጉልበቶቿ ቀስ በቀስ ተፍታቱ። ጥቂት እንደ ቆየች ግን ውሃው ከወትሮው እየጋለ መጣ። ሙቀቱን ልትቀንስ ጠርዙ ላይ ያለውን ቁልፍ ብትጫነው መብራቱ ድርግም አለ፤ የሞተሩ ጉርምርምታ ግን አልቆመም። «እንግዲህ ይብቃኝ» አለችና ልትወጣ የብረት መደገፊያውን ያዘች።

ኮረንቲው ክንዷን እስከ ትከሻዋ መትቶ መልሶ ውሃው ውስጥ ጣላት።

ምላሷን ነክሳ ኖሮ አፏ ደም ደም አላት። ጣቷን አንገቷ ላይ አድርጋ ልቧን አዳመጠች፤ ይመታል። በሌላው በኩል ልትሞክር እግሯን አውጥታ የረጠበውን ሲሚንቶ ነካ ስታደርግ፣ ያው ነገር ከተረከዟ እስከ ወገቧ ነዘራት። ያን ጊዜ ገባት። ውሃው መሐል ዝም ብላ እስከተቀመጠች ምንም አትሆንም፤ ከውሃው ውጪ ያለ ነገር ስትነካ ነው የሚይዛት። የገባችበት ገንዳ መውጫ የለውም። ውሃው ደግሞ እየጋለ ነው፤ እሷም ደም ግፊት አለባት። በእንዲህ ያለ ሙቀት ሰው ምን እንደሚሆን አሳምራ ታውቃለች፤ መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ቀጥሎ ዓይን ይጨልማል፣ ከዚያ አገጭ ውሃው ውስጥ ይገባል።

ስልኳ ወንበሩ ላይ ጮኸ። የባሏ ፎቶ ፈገግ ብሎ ይታያታል። እኔ እያለሁ፣ በሌለበት ሰዓት። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

ቤት ያለችው እትዬ ብቻ ናት። ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮዋ ይሰማል።

«እትዬ!» ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እትዬ፣ ይድረሱልኝ!»

ሬዲዮው ተቀነሰ። ሰምታለች ማለት ነው፤ ሰምታም ዝም ብላለች። አዋላጇ ሳታስበው ቃሉ ከአፏ አመለጠ።

«በእናትዎ፣ እትዬ!»

የበረንዳው በር ተበረገደ። እትዬ ከዘራዋን ይዛ ደፉ ላይ ቆመች።

«የእናቴን ስም በየት አፍሽ ነው የምትጠሪው?»

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በቀጥታ የተናገረቻት የመጀመሪያ ቃል ነው። ከዚያ ግን ፍም የመሰለውን የአዋላጇን ፊት አየች። ከዘራዋን ጥላ እጇን ዘርግታ ልትገባ አለች።

«አይንኩኝ!» ብላ ጮኸች አዋላጇ። «ወለሉንም እንዳይረግጡ! ውሃው ኮረንቲ አለው! ከያዙኝ ሁለታችንም አበቃልን።»

የእትዬ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ታዲያ ምን ላርግ?»

«ማጥፊያውን! ክፍልዎ ያለውን!»

«ቁም ሣጥኑ ኋላ ነው እኮ! እኔ በየት ጉልበቴ እገፋዋለሁ?»

አዋላጇ አገጯን ከውሃው ከፍ አደረገች።

«በር ላይ፣ ቆጣሪው ጋ፣ ዋናው ብሬከር አለ» አለች አዋላጇ። «ትልቁን ወደ ታች ይጫኑት። እጅዎ እንዳይረጥብ። ቶሎ ይበሉ፣ እትዬ፣ እየዞረብኝ ነው።»

እትዬ ከዘራዋን አነሳች፤ በኮሪደሩ እየተንኳኳ ራቀ። አዋላጇ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ጣራውን ለማየት ታገለች፤ ዳር ዳሩ ይጠቁራል። ስንቷን ምጥ የያዛት ሴት «በርቺ፣ ደርሰሻል» እያለች አዋልዳለች። አሁን የሚላት ስለሌለ ለራሷ አለች። «በርቺ። ደርሰሻል። በርቺ።»

ጉርምርምታው ቀጥ አለ። ሬዲዮውም፣ የወጥ ቤቱ ፍሪጅም ዝም አሉ። ከዘራው ተመልሶ መጣ።

«አጥፍቻለሁ። ውጪ!»

አዋላጇ እጇን ወደ መደገፊያው ሰደደች፤ እጇ ግን መንገድ ላይ ቆመ።

«እጄ እምቢ አለኝ፣ እትዬ።»

እትዬ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። በባዶ እግሯ የረጠበውን ሲሚንቶ ረግጣ መጣችና ብረቱን በእጇ ጨብጣ ያዘች።

«ይኸው። ሞትኩ?»

በዚያው እጇ ጎትታ አወጣቻት። ሁለቱም ወለሉ ላይ ዘፍ አሉ። እትዬ በፎጣ ጀርባዋን ታሽላት ጀመር፤ መጀመሪያ በኃይል፣ በኋላ ቀስ ብላ።

«ብቻዋን እኮ ነው የሞተችው» አለች ድንገት።

«አውቃለሁ» አለች አዋላጇ።

ባል ሲመለስ «መብራት ሄደ እንዴ?» እያለ ገባ። መልስ የሰጠችው እህቱ ናት። «ከእንግዲህ እዚህ ቤት "እኔ እያለሁ" የሚባል ነገር፣ እኔ እያለሁ አይባልም!»

በማግሥቱ አንዲት ኤሌክትሪሺያን ተጠርታ መጣች። ማሞቂያው ተሰንጥቋል፤ የመሬት ሽቦው ከነጭራሹ አልታሰረም፤ ኮረንቲ ሲያመልጥ በራሱ የሚቆርጠው ብሬከርም አልተገጠመም። ሁሉንም አስተካክላ፣ ማጥፊያውን በረንዳው ጫፍ ላይ ባቆመችው ምሰሶ ላይ አደረገችው፤ ከውሃው ወለል ብሎ ይታያል፣ እጅ ግን አይደርስበትም። ባል መሰላል ያዘላት።

አዋላጇ ለብዙ ጊዜ ወደ ገንዳው አልቀረበችም። በኋላ ጉልበቷ አላስቀምጥ ሲላት እየፈራች ገባች። ገና ሳትደላደል እትዬ ወንበር እየጎተተች መጥታ ምሰሶው ሥር ተቀመጠች።

«አሁን እኮ በራሱ ይቆርጣል ብላለች ኤሌክትሪሺያኗ፣ አይቸገሩ» አለቻት አዋላጇ።

«ማሽን ነው። እኔ ማሽን አላምንም።» እትዬ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «እናቴን የወሰድሻት ቀን ጠዋት...» ብላ ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ያልተነገረው ሁሉ ከሥሩ ይነገራል፤ እናትየው የለበሱት፣ ያሉት፣ ያዩበት ዓይን። አዋላጇ ልውጣ ብትል ጉልበቷ አያስወጣት፤ «ይነሱ» እንዳትላት ነፍሷን ያተረፈችላትን ሴት ምን ብላ? አንዳንዴ ያ የኩርፊያ ጊዜ ይናፍቃታል።

«ትሰሚኛለሽ?» ትላለች እትዬ።

«እሰማለሁ፣ እትዬ።»

ውሃው ይንፎለፎላል። ወሬው ግን ገና ሆስፒታል አልደረሰም፤ እናትየውን ደግፈው መኪና ውስጥ እያስገቧቸው ነው።