ከባሕር የወጣው ክኒን

እማዬ ከአገር ቤት ከመጣች ሰባት ወር ሆኗት ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማችን፣ ከአስራ አንደኛ ፎቅ፣ የወረደችው ግን ሁለቴ ብቻ ነበር፤ ሁለቴም ለሐኪም፣ ሁለቴም እያለቀሰች። ሊፍት ያስጨንቃታል። በሩ ሲዘጋ ትንፋሽ ያጥራታል፤ በደረጃ እንዳትወርድ ጉልበቷ እሺ አይላትም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ቆማ የመኪና ማቆሚያውን ታይ ነበር። ያመጣኋት እኔ ነኝና ከሥራ ስገባ ፊቷን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርር ነበር።

መላ ያመጣችው እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ከተማ ቫይታሚን ሱቅ የምትሠራው ጓደኛዬ ሰርካለም ናት።

«ይቺን ክኒን ስጪያት። አንቲኦክሲደንት ነው፣ ከባሕር የወጣ። ለስትረስ፣ ለጭንቀት ብለው ብዙ ሰዎች ይወስዱታል» አለችኝ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ነበርና እንደ ወጉ መረመርኳት።

«ወተት አለበት?»

«የለበትም።»

«እንቁላል? የከብት ነገር?»

«ኧረ የጾም ነው!»

በቃ። ከዚያ በላይ የሚጠየቅ ነገር ያለ አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።

ክኒኑ ይሁን ጸሎቷ እንጃ፣ በጾሙ አምስተኛ ሳምንት እማዬ ክንዴን ይዛ ሊፍት ገባች። አላለቀሰችም። በማግስቱም ገባች። የነፍስ አባቷን በስልክ አነጋግራ «ለሆሳዕና እቆርባለሁ» አለች። ደስታዬን አልችለው አልኩ።

የሆሳዕና ጠዋት ነጠላዋን ሳስተካክልላት፣ ልጄ ሰሊና የክኒኑን ብልቃጥ አንስታ ታነብ ነበር። ጆሮዬ ሥር መጥታ «ማሚ፣ ኦይስተር ኤክስትራክት ይላል እኮ!» አለችኝ።

ኦይስተር! ዛጎል ውስጥ የሚኖረው የባሕር እንስሳ፣ ክንፍም ቅርፊትም የሌለውና ኦሪት እርም ያለው፣ እማዬ ቲቪ ላይ ሲበሉት ስታይ ፊቷን የምታዞርበት። ስለ ጾሙ ስጨነቅ እርሙን ረሳሁት። ብነግራት መስኮቱ ጋ ትመለሳለች። ባልነግራት፣ ጾሙን ሙሉ ያንን በእኔ እጅ ስትውጥ ከርማ ልትቆርብ ነው። እስቲ ምን ላድርግ?

ሊፍት ገባን። ዘጠኝ፣ ስምንት። እማዬ ቁጥሩን እያየች ፈገግ ትላለች። ስድስት ላይ ስንደርስ ነገርኳት።

ምድር ላይ ደርሰን በሩ ተከፈተ። ውጭው ፀሐይ ነው፤ የጠራነው ታክሲ ቆሟል።

«ዝም ብትይኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ከዚያ እጇን ዘርግታ፣ እስከዚያ ቀን ነክታው የማታውቀውን አስራ አንድ ቁጥር ራሷ ተጫነችው። በሩ ሲዘጋ ትንፋሿ ማጠር ጀመረ።