ከሁለት ዘቦች መሃል

ሓድጉ በማግስቱ ለሥራ ወደ ሠመራ ሊሄድ ነው። እሱና እህቱ ማና ወልድያ በሚገኘው ቤታቸው የጀመሩትን የቪዲዮ ጌም ግን ገና አልጨረሱም። አንድ እስረኛ ፈትተው ማንም ሳያያቸው ከምሽጉ ማውጣት ነበረባቸው። ሓድጉ ሲጫወት ይቸኩልና ዘቦቹ ይይዙታል። ማና ደግሞ መንገዱ እስኪጸዳ ስትጠብቅ መብራት ይሄድባታል። ከምሽጉ በር ካልወጡ ጌሙ የተጫወቱትን አያስቀምጥም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማና እስረኛውን ፈትታ ከግድግዳው ጥግ ተደበቀች። አንደኛው ዘብ አለፈ።

«አሁን ውጪ!» አላት ሓድጉ።

«ሁለተኛው ይለፍ።»

የክፍሉ አምፖል ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ።

«ማና፣ መብራቱ ሊሄድብን ነው!»

ማና መጠበቁንም ፈራች፣ እስከ በሩ መሮጡንም አልደፈረችም። ግቢው መሃል እስካለው በርሜል ብቻ ሮጣ እስረኛውን ይዛ አጎነበሰች። ሁለተኛው ዘብ መጥቶ በርሜሉ አጠገብ ቆመ።

ሓድጉ ትከሻዋን ጨምድዶ ያዘ። «ምንም እንዳትነኪ» አለ በሹክሹክታ፣ ዘቡ የሚሰማው ይመስል። ማና ጣቶቿን ከጆይስቲኩ አነሳች። አምፖሉ እንደገና ደበዘዘ። ዘቡ አዛጋ፤ ከዚያም ዞሮ ሄደ።

ማና በሩን ስታልፍ ሁለቱም ጮኹ። እናታቸው ደንግጠው ከጓዳ ወጡ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ወጣን፣ እማ!» አለ ሓድጉ እህቱን አቅፎ። «ማና አወጣችን!»

ማና ሳቀች።