የአንድ እጅ ማሲንቆ

የሉማሜ ሰው የሺዋስን ለእንግዳ ሲያስተዋውቅ ስሙን አይጠራም፤ «ያ ውሸታሙ» ይላል፣ በቃ። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊቱን እኩሌታው ላይ ጥሎ፣ ከአስኳላው ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተሰናብቶ፣ ሬዲዮና ቴፕ እየጠገነ ይኖራል። ዋና ሙያው ግን ሻይ ቤት ተቀምጦ ማውራት ነው። ጮቄ ተራራ ላይ አንድ ድንች አድጎ አድጎ ሁለት ጎረቤታሞች እንደ አጥር ተጋሩት፤ ክረምት ሲጠናባቸው ከየበኩላቸው እየቆረሱ ሲበሉ ከረሙና ለመስቀል ፊት ለፊት ተያዩ ይላል። የአክስቱ ዶሮ በአዲስ አበባው አውቶቡስ ሰዓት ነው የምትጥለው፤ አውቶቡሱ ጎማ የፈነዳበት ቀን እንቁላሏን ይዛ እስኪመሽ ቆማ ዋለች ይላል። ሰው እየሳቀ ሻይ ይጋብዘዋል።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ አንዱ ወሬ አመለጠው።

«የአዲስ አበባው አውቶቡስ ዛሬ ዓባይ በረሃ ላይ ተገለበጠና፣ አንድ ዙር ዞሮ ተመልሶ በጎማው ቆመ» አለ። «ሰው አልተነካም። የአንዲት ነጋዴ ሽንኩርት ብቻ ተልጦ ተገኘ።»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። ወሬው ግን ገበያተኛ ላይ ተፈናጦ ዳገቱን ወጣ። ዳገት ደግሞ ሸክም ያስጥላል። መጀመሪያ ሽንኩርቱ ወደቀ፤ ቀጥሎ ተመልሶ መቆሙ ወደቀ፤ ጋሽ ወልደ ሚካኤል አውድማ ሲደርስ የቀረው «አውቶቡሱ ተገልብጧል» የሚለው ብቻ ነበር።

ጋሽ ወልደ ሚካኤል ያን ቀን የመጨረሻ ልጃቸውን ሔዋንን ከአዲስ አበባ ይጠብቁ ነበር። መንሹን እንደያዙ ሊሮጡ ተነሡ፤ ሁለት እርምጃ ሄደው በግራ ጎናቸው ወደቁ። ሔዋን በደህና ከአውቶቡስ ወርዳ፣ የገዛችላቸውን ጋቢ ታቅፋ ቤት ስትደርስ፣ ሰው ከብቧቸው አገኘቻቸው። ነፍሳቸው ተረፈች። ግራ እጃቸው ግን ከዚያ ወዲህ አልታዘዝም አለ።

ሰውዬው ገበሬ ናቸው፤ ማሲንቆ ግን ይመቱ ነበር። ለጌታ ደጅ አይደለም፣ ለዘመድ ሠርግ ብቻ። ሦስቱን ታላላቅ ሴቶች ልጆቻቸውን በማሲንቆ ነው የሸኟቸው። ሙሽራዪቱ ከቤት ልትወጣ ስትል አባትየው አንዲት ዜማ ይመታሉ፤ ዜማዋ ስታልቅ ልጅቱ ጉልበታቸውን ስማ ትወጣለች። ከዚያ ቤት ያለዚያች ዜማ የወጣች ልጅ የለችም። ማሲንቆ ደግሞ ቀኝ እጅ ደጋኑን ቢስብም፣ ድምፁን ከድምፅ የሚለየው ክሩን የሚነካካው ግራ እጅ ነው።

የሺዋስን ማንም አልከሰሰውም። የከፋውም ይኸው ነው። ሰው እንደ ድሮው ሰላም ይለዋል፤ ግን ከአንገት በላይ። ሔዋን ስታየው መንገድ ትለውጣለች። ማርያም ደጅ ሄዶ ዳግመኛ ላይዋሽ ማለ፤ ይህንንም ያመነው የለም።

በመስከረም፣ ሔዋን ለጉንደ ወይን ሰው መታጨቷንና ሠርጉ ለጥር መቆረጡን ሲሰማ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሽማግሌው ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ በአንድ እጅዎ ማሲንቆ እንዲመቱ አደርግዎታለሁ» አላቸው።

«ይህ ከድንቹ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አሉት።

«ይህ እውነት ነው።»

«አይ እንግዲህ» አሉ፣ «ከሆነማ እናያለን።»

የሺዋስ ቤት አንድ ኪቦርድ ነበር። የሙዚቃ ቡድን የጣለው ነው፤ የድምፁ ክፍል ተቃጥሏል፣ ቁልፎቹ ግን ደህና ናቸው። ያንን በጆንያ ጠቅልሎ ደብረ ማርቆስ ወረደ፤ የአክስቱ ልጅ ሃኒ እዚያ ኮምፒዩተር ትማራለች። ሃኒ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ አውጥታ አንድ ፕሮግራም ጫነችበት። ይህ ፕሮግራም በነፃ የሚታደል ነው፤ ሠሪዎቹ ሆድ ዕቃውን ገልጠው «ውሰዱት፣ እንዳሻችሁ ለውጡት» ያሉት። ሲከፍቱት ባዶ ነጭ ገጽ ነው። ሣጥን ሣጥን ይሥሉበታል፣ ሣጥኑን ከሣጥን በመሥመር ያገናኙታል፣ ድምፅ ይሆናል።

«ኪቦርዱ በዚህ ገመድ ድምፅ አይልክም» አለችው ሃኒ። «ሚዲ ይባላል። ቁጥር ብቻ ነው የሚልከው፤ ስልሳኛው ቁልፍ ተመታ፣ ኃይሉ ይህን ያህል ነው ብሎ። ድምፁን የሚያወጣው ኮምፒዩተሩ ነው።»

«ወሬ ነዋ የሚልከው።»

«ወሬ ነው።»

«ወሬማ ለእኔ ተይው።»

«አንተ የምትችለው መጨመር ነው» አለች። «ይህ አይጨምርም፣ አይቀንስም።»

የሺዋስ ከት ብሎ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

ቁልፍ ሲመታ ኮምፒዩተሩ የሚያወጣውን የማሲንቆ ድምፅ የቀዱት ሽማግሌው ቤት ነው። ጋሽ ወልደ ሚካኤል በቀኝ እጃቸው ደጋኑን ይስባሉ፤ የሺዋስ በእርሳቸው ግራ እጅ ቦታ ገብቶ ጣቱን ክሩ ላይ ያሳርፋል። «ወደ ታች። በዛ። ግማሽ ጥፍር ያህል መልስ። አሁን ክሩን አትነቀው፣ አንገት አይደለም» ይሉታል። አምስት ድምፅ ለመቅዳት ከጥዋት እስከ ማታ ፈጀባቸው። ያን ቀን ሔዋን ሦስት ጊዜ ገባች፣ ሦስት ጊዜ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ መከራው ጀመረ። ቁልፉ ሲመታ ኮምፒዩተሩ ጭጭ ይላል። ሁለት ሳምንት ጭጭ አለ። የሺዋስ ገመድ ቀየረ፣ ቁልፎቹን ፈትቶ ገጠመ፣ ኪቦርዱን ጸበል ሊያስረጭ ምንም አልቀረው። በኋላ ነው የገባው፤ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚዲ መግቢያ የሚመረጥበት ዝርዝር ላይ ሁለት ስም አለ። እርሱ ሁልጊዜ የሚመርጠው የመጀመሪያውን ነበር፤ የመጀመሪያው ኮምፒዩተሩ ራሱን በራሱ የሚያናግርበት ባዶ መተላለፊያ ኖሯል። ኪቦርዱ ሁለተኛው ነው። ሁለተኛውን ሲመርጥ ማሲንቆው አለቀሰ።

አለቀሰ፣ ግን ሁለት ጊዜ። ቁልፉ ሲመታ አንዴ፣ ጣት ሲነሣ አንዴ። ሃኒ በስልክ ነገረችው፤ ጣት ሲነሣም ወሬ ይላካል፣ ቁልፉ ያው ነው፣ ኃይሉ ግን ዜሮ ይባላል። «ዜሮ የሚለውን በር ላይ መልሰው» አለችው። አንድ ሣጥን ጨምሮ መለሰው። በአምስቱ ቁልፎች ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባ፤ ጋሽ ወልደ ሚካኤልም በታኅሣሥ ሙሉ በቀኝ እጃቸው ተለማመዱ። ዜማዋን የመጀመሪያ ጊዜ እስከ ዳር ያደረሷት ቀን ጣታቸውን አሸተቱና፣ «አንዲት ነገር ብቻ ጠፋህ፣ የሺዋስ» አሉት።

«ምን ጋሼ?»

«የፈረሱ ጭራ ሽታ።»

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ሞልቷል። የሺዋስ ጥዋቱኑ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ኪቦርዱን ሰክቶ፣ ከዝርዝሩ ሁለተኛውን መርጦ፣ አንድ ጊዜ ሞከረና በነጠላ ሸፈነው። ሙሽራው እንዳላማው ሚዜዎቹን አስከትሎ መጣ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ገዳሙ ሊመርቁ ተነሡ። በሉማሜ ምርቃት ላይ ሬዲዮ አይንጫጫም፣ ከበሮ ይቀመጣል፣ ጃንጥላም ይታጠፋል። መሪጌታም መስቀላቸውን እንዳነሡ ዓይናቸው በነጠላው ሥር ቀይ የምታበራ ነገር ላይ አረፈች።

«ያ የሚያፈጠው ምንድን ነው? በጸሎት ላይ ይጥፋ እንጂ» አሉ።

የሺዋስ ተሽቀዳድሞ ኪቦርዱን ከላፕቶፑ የሚያገናኘውን ገመድ ነቀለው። መብራቷ ጠፋች። ምርቃቱ ረዘም አለ፤ «አሜን» ተባለ፤ ገመዱን መልሶ ሰካው። መብራቷ በራች። እርሱም ደስ አለው። ያን ቀን የሠራው ስሕተት ይኸው ብቻ ነው፤ እርሱንም የሠራው በአክብሮት ነው።

ሔዋን ከጓዳ ወጣች። ጋሽ ወልደ ሚካኤልን ደግፈው ኪቦርዱ ፊት አስቀመጧቸው። ቀኝ እጃቸውን አንሥተው የመጀመሪያዋን ቀይ ቁልፍ ተጫኑ።

ቀጭ አለች፤ ፕላስቲኳ ብቻ። ደግመው ተጫኑ። ቀጭ።

ከሴቶቹ ወገን አንዷ፣ «ያ ውሸታሙ ነው እኮ የሠራው» አለች። ሔዋን ቀና ብላ የሺዋስን አየችው። ዓመት ሙሉ ስትሸሸው የኖረችውን ፊት አሁን ከላይ እስከ ታች አየችው።

የሺዋስ ገባው። ፕሮግራሙ እንደ ክፍል አስተማሪ ነው፤ ስም የሚጠራው ጥዋት ሲገባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወጥቶ የተመለሰውን አያውቀውም። ዘግቶ መክፈት፣ ከዝርዝሩ እንደገና መምረጥ ነው፤ ላፕቶፑ ደግሞ ሲነሣ እንደ አረጋዊ ወገቡን ይዞ ነው።

«ስንት ጊዜ ይፈጅብሃል?» አሉ ሽማግሌው፣ አንገታቸውን ሳያነሡ።

«አምስት ደቂቃ ጋሼ።»

አንደኛ ሚዜው አበረ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «በሉ እንነሣ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሳይመሽ መድረስ አለብን» አለ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ወንድሜ» አለው የሺዋስ።

«ከማን አፍ?» አለ አበረ። «ያንተን ዜና ገና ከዳሱ በር ላይ ነው የሰማሁት።» ሚዜዎቹ ተነሡ። ሹፌሩ ሞተር አስነሣ።

ጋሽ ወልደ ሚካኤል የሺዋስን በደህና እጃቸው ጎተቱት። «እውነቱን ነገርካቸው፣ አላመኑህም። እንግዲህ ዋሽ።»

«ምያለሁ ጋሼ።»

«መሐላህ በእኔ ላይ ይሁን። ዋሽ አልኩህ።»

የሺዋስ የላፕቶፑን ቁልፍ ተጫነና፣ እስኪነሣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዳር ወጣ። ውሸት ሲነግሩ አይታመንም፣ ሲደብቁ ነው የሚታመን፤ ይህን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «እሺ… እሺ… እዚህ ሠርግ ላይ ነን፣ ለማንም አልናገርም» እያለ ለባዶ ስልክ አንሾካሾከ። ፊቱን አጨፈገገ። አበረ አየው።

«ምን ተፈጠረ?»

«ምንም።»

«ምን ምንም ትላለህ፣ ተናገር እንጂ።»

«አይ፣ ጉንደ ወይን መንገድ ላይ አንድ የእህል መኪና ተንሸራቶ ተጋድሟል ነው የሚሉኝ። ሰው አልተነካም» አለ፤ ይህቺን ቃል አጥብቆ አላት። «ሰው አልተነካም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያነሡታል።»

አበረ ሹፌሩን በእጁ አስቆመውና፣ እንደምንዘገይ ለሙሽራው ቤት ልንገር ብሎ ስልኩን አውጥቶ ራቅ አለ። ሚዜዎቹ ተቀመጡ። የሺዋስ ላፕቶፑ ላይ ተደፋ፤ ዝርዝሩን ከፈተ፣ ሁለተኛውን መረጠ። ራሱን ነቀነቀ።

ጋሽ ወልደ ሚካኤል ተጫኑ።

ማሲንቆው ወጣ። አንዷ ድምፅ ሌላዋን እየጠራች፣ ጣታቸው ከቁልፍ ቁልፍ እየተሻገረች፣ ያቺ ዜማ ተነሣች። ሔዋን እግራቸው ሥር ተንበረከከች፤ እንዳላማው አጠገቧ። መሪጌታ ገዳሙ እንኳ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ዜማዋ እኩሌታ ላይ ስትደርስ፣ ከዳሱ ውጭ የአበረ ስልክ ጠራ። አበረ አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ሰማ፤ ቀለሙ ተለወጠ፤ መጥቶ የሺዋስን በክንዱ ይዞ አወጣው።

«የሙሽራው እናት እማማ ጥሩነሽ ናቸው። የተገለበጠው የሙሽሮቹ መኪና ነው ተብለው ቤቱ በለቅሶ ተናውጧል። እኔ ያወራሁት መኪና ተጋድሟል ብዬ ብቻ ነው። አንተ ያመጣኸውን አንተ መልስ።»

የሺዋስ ስልኩን ተቀበለ። ውስጡ ዋይታ ብቻ ነው።

«እማማ ጥሩነሽ፣ ከሉማሜ ነው። የተገለበጠ መኪና የለም፣ ሁሉም ደህና ናቸው።»

«ማነህ አንተ?»

«የሺዋስ ነኝ።»

ዋይታው ጥቂት ቆመ። «የሔዋንን አባት የጣለው ያ ውሸታሙ?»

«አዎ፣ እማማ፣ ውሸታሙ።»

«እንግዲያማ ሞተዋል» አሉ ሴትዮዋ። ከዚያ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ፤ «ያዟት፣ ያዟት» የሚል የሌላ ሰው ድምፅ መጣ።

የሺዋስ አውድማው ታየው። መንሹም ታየው። የሴትዮዋን ልብ የሚመልሰው የልጃቸው ድምፅ ብቻ ነው፤ ልጃቸው ደግሞ ዳሱ ውስጥ፣ ዜማዋ ሥር ተንበርክኳል። ዜማዋ ለማለቅ ሁለት ደቂቃ አይቀራትም። አራት ወር የለፋባት፣ ዓመት ሙሉ ያረገዛት ናት። ሁለት ደቂቃ ቢቆይስ?

አልቆየም። ስልኩን እንደያዘ በሰው መካከል ገብቶ እንዳላማው ትከሻ ላይ እጁን አኖረ። «እናትህ ናቸው። በሕይወት እንዳለህ ንገራቸው» አለው።

ጣት ከቁልፍ ተነሣች። ዜማዋ ቆመች።

«ደግሞ ምን አልክ?» አለች ሔዋን። ከዓመት በኋላ ያናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

ጋሽ ወልደ ሚካኤል ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ «እኔ ነኝ ዋሽ ያልኩት» አሉ። «የዛሬው የእኔ ነው፣ ሔዋኔ። አንቺን ሳልሸኝ ላለመቅረት ነው።»

ሔዋን አንዴ አባቷን፣ አንዴ የሺዋስን አየች። እንዳላማው ስልኩን በሁለት እጁ ይዟል። «እማዬ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ እኮ። ሔዋንም እዚህ ናት። ተነሺ… ለምን አትነሺም? እግርሽ ምን ሆነ?» ይላል። የሺዋስ ኪቦርዱ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከስልኩ የሚወጣው መልስ አይሰማም። እንዳላማው ይሰማል፣ ይሰማል፣ ፊቱ ገና አልተፈታም።

«ስልኩን አትዝጋው፣ ልጄ» አሉት ሽማግሌው። «እርሳቸውም ይስሙ። ሕያው መሆናችሁን በዚህ ይወቁ።» ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አነሡና፣ ዝቅ ብለው የሺዋስን አዩት።

«አንተ ደግሞ፣ ያቺን ገመድ እንዳትነካት።»

ዜማዋን ከመጀመሪያዋ ጀመሯት።