በቆመ መንገድ ላይ ሰላም አይባልም

እኔ በቆመ መንገድ ላይ ሰላምታ አልመልስም። የገዛ እናቴ ብትሆንም አልመልስም። መኪና በተጠቀጠቀበት መሀል ሞተሬን ካቆምኩ ዓይኔ ከስፖኪዮው አይነቀልም። ግራ እጄ ፍሪሲዮን ላይ፣ ቀኝ እጄ ፍሬን ላይ ነው፤ ማርሹም አንደኛ እንደገባ ነው። ከፊቴ ካለው መኪና ኋላ መሀል ለመሀል አልቆምም፤ ወደ ጥጉ ጠጋ ብዬ፣ ከኋላ የሚመጣው ካላየኝ ሾልኬ የማመልጥበት ክፍተት እተዋለሁ። ጓደኛዬ ታመነ ከአንድ አውቶቡስ ኋላ ቀጥ ብሎ ቆሞ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ ነው፣ ሚኒባስ መጥቶ እግሩን የሰበረው። ሹፌሩ ወርዶ "አላየሁህም" አለው። ውሸቱን አይደለም፣ አላየውም።

ሥራዬ ሞተር ላይ ነው። ሰበታና ዙሪያዋ ካሉ ጤና ጣቢያዎች የደምና የአክታ ናሙና እየሰበሰብኩ ላቦራቶሪ አደርሳለሁ። ቀኑን ሙሉ የምነዳው "ማንም አያየኝም" ብዬ ነው። ሰው ፈሪ ይለኛል፤ ይበለኝ።

ይህ ልማዴ ግን ሚስት ሊያሳጣኝ ነበር።

ጠጅቱን እወዳታለሁ። ዓለም ገና ከተማ፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ስትናደድ ደግሞ ከሳቋ ይልቅ ያምርባታል፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ብዙ የማናድዳት። ሽማግሌ ልልክ ተስማምተን ነበር። አባቷ ኦቦ ሁንዴ የዓለም ገና ዳር ገበሬ ናቸው፤ ጋቢያቸውንና ከዘራቸውን ሳይዙ ከደጅ አይወጡም፤ ሰላምታ ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። በእኛ ዘንድ ሞተር የሚነዳ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያገኝ ሞተሩን ያጠፋል፣ ይወርዳል፣ ሄልሜቱን አውልቆ በሁለት እጁ ይጨብጣል። ከዚያ የቤተሰቡ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ደኅንነት ተጠይቆ እስኪያልቅ ይቆማል። ጥሩ ልማድ ነው፤ መንገድ ዳር ሲሆን።

ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ በተቃረቡበት ሳምንት፣ የሰበታ መንገድ ተዘጋግቶ ቆመናል። አጠገቤ የቆመችው ባጃጅ ውስጥ ኦቦ ሁንዴ ተቀምጠዋል። "ኢብሳ! አካም ጅርታ?" ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። በዚያችው ቅጽበት ስፖኪዮዬ ውስጥ አንድ ገልባጭ መኪና ሲንደረደር አየሁ። የኋላ መብራቴ ብልጭ ድርግም እንዲል ፍሬኑን መታ መታ አደረግሁ፤ የማመልጥበትንም ክፍተት በዓይኔ ለካሁ። እሳቸውን አልጨበጥኩም፣ ዞርም አላልኩ። ገልባጩ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ አሰምቶ ቆመ። ወደ ባጃጇ ስዞር መንገዱ ተከፍቶ ሄዳለች፤ እጃቸው ገና ወደ ውጭ እንደተዘረጋ ነበር።

እሁድ ጠዋት የአባቴ ወንድም ኦቦ አበራ ሽማግሌዎቹን መርተው ሄዱ። እንደ ደንቡ በራፍ ላይ ቆመው "ልጅዎን ለልጃችን" አሉ። ኦቦ ሁንዴ ተቀመጡ እንኳን አላሏቸውም። "ልጃችሁ የዘረጋሁትን እጄን አየር ላይ ያስቀረ ነው። ሰላምታ ለማይመልስ ልጄን አልሰጥም" ብለው በሩን ዘጉ። ሌላ ቀን ተመለሱ የሚል ቀጠሮም የለም።

ደሜ ፈላ። "እሳቸውን ለመጨበጥ ብዬ ልጨፍለቅ?" ብዬ ጠጅቱ ላይ ጮህኩ።

"እኔ ላይ አትጩህ፤ እጄን የዘረጋሁልህ እኔ አይደለሁም" አለችኝ። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ኢብሳ፣ አባዬ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም። አንተንም መተው አልችልም። እንግዲህ የምታደርገውን አንተ እወቅ።"

ምን አደርጋለሁ? ራሴ ሄጄ ልለምን ብል ነውር ነው፤ ሽማግሌ ደግሜ ልላክ ብል ኦቦ አበራ "ሁለተኛ በር አይዘጋብኝም" ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።

ሰነባብቶ አንድ ቅዳሜ ጠጅቱ ደወለች። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጁ ሁሉ ማደያ በር ላይ ተሰልፏል። አባቷ ሰበታ የዕድር ወዳጃቸው ቀብር አለባቸው፤ አስፋልት ዳር ቆመው የሚጭናቸው አጥተዋል። "እኔ ደወልኩልህ እንዳትል" ብላ ዘጋችው።

በረርኩ ማለት አልችልም፤ እኔ አልበርም። ብቻ ደረስኩ። መንገዱን ለቅቄ ሞተሬን አጠፋሁ፣ ወረድኩ፣ ሄልሜቴን አውልቄ በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ "አካም ጅርቱ ኦቦ ሁንዴ" አልኩ። ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። ከዚያ ታክሲ ወደሚመጣበት አሻግረው አዩ። ታክሲ የለም። ቀብር ደግሞ አይጠብቅም። ሲጨንቃቸው "ይሄ ነገር ሁለት ሰው ይችላል?" ብለው ከዘራቸውን ወደ ሞተሩ ቀሰሩ።

"ይችላል አባባ። ጋቢዎን ብቻ ጎማ እንዳይዘው ሰብሰብ አድርገው ይቀመጡበት።"

ትርፉን ሄልሜት ባርኔጣቸውን አስወልቄ አጠለቅሁላቸው። ከወገቤ ሊይዙኝ ስላልፈለጉ የመቀመጫውን ብረት ጨበጡ።

ሰበታ ሳንደርስ የነዳጁ ሰልፍ ግማሹን መንገድ ይዞት ሁሉም ቆመ። እኔም እንደ ልማዴ ከአንድ አይሱዙ ኋላ፣ የመንገድ ዳሩ ቦይ ባለበት ጥግ በኩል ክፍተት ትቼ ቆምኩ።

"ለምን ቀጥ ብለህ አትቆምም? የምትሸሸው ሰው አለ?" አሉ።

"አለ አባባ። ከኋላ የሚመጣው ሁሉ።"

"ከኋላ የሚመጣው ዓይን የለውም?"

"ዓይንማ አለው። እስቲ የት የት እንደሚያይ ዞር ብለው ይንገሩኝ።"

እልኸኛ ናቸው፤ ዞሩ። ከዚያ "ይሄኛው ስልኩን ነው የሚያየው" አሉ። ወዲያው ደግሞ "ያኛው ሙዝ እየላጠ ነው፤ በሁለት እጁ! መሪውን ማን ይዞለታል?" አሉ። ቀጠሉ። "ይቺ ልጅ ኩል እየተኳለች ነው። ወይ ጉድ! ረዳቱ ብር ይመልሳል፣ ሹፌሩም አብሮት ይመልሳል!" ድምፃቸው ውስጥ ከንዴቱ ይልቅ ሳቁ እየበዛ መጣ፤ እኔም ከሄልሜቴ ሥር ሳቅኩ። የተጣላን መሆናችንን ሁለታችንም ለአፍታ ረሳነው።

ሳቃቸው ድንገት ተቋረጠ። እኔም ስፖኪዮው ውስጥ አየሁት፤ ነጭ ፒክአፕ፣ ሹፌሩ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ላለ ሰው እጁን እያውለበለበ ይመጣል። ፊቱ ወደ እኛ አይደለም። መኪናው ግን ወደ እኛ ነው።

"ኢብሳ፣ ዴሚ! ሂድ! ሂድ!"

ሂድ ሳይሉኝ በፊት ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ነበር። በአይሱዙውና በቦዩ መሀል ሾልከን ገባን፤ ኦቦ ሁንዴም የመቀመጫውን ብረት ትተው ወገቤን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ። ከኋላችን ፍሬኑ ጮኸ፣ ከዚያ ጓ አለ። ፒክአፑ እኛ ቆመንበት በነበረው ቦታ አልፎ ከአይሱዙው ኋላ ተለጥፏል፤ ኮፈኑ ተጨማድዶ መብራቱ መሬት ላይ ረግፏል።

ሹፌሩ አንድም ነገር ሳይሆን ወረደ። ለካ ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው፣ የኦቦ ሁንዴ የዕድር ወዳጅ፣ ወደዚያው ቀብር የሚሄዱ። መኪናቸውን ዞር ብለው እንኳን ሳያዩ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። "ሁንዴ! አካም ጅርታ? ቤተሰብ ደኅና? ከብቱስ?"

ኦቦ ሁንዴ የተዘረጋላቸውን እጅ አልጨበጡም። "አንተ ሰውዬ! በሰላምታ ልትገለን ነበር እኮ! መጀመሪያ ፊትህን እይ፣ ሰላምታው ይደርሳል!" ብለው ጮኹባቸው። ኦቦ ዲሪርሳ ያኔ ገና ዞር ብለው መኪናቸውን አዩ።

ሞተሩን ከመንገዱ አውጥቼ ሳቆም እጃቸው ገና ወገቤ ላይ ነበር። ቀስ ብለው ወረዱና ቦዩ አፋፍ ላይ ተቀመጡ፣ ሄልሜቱን ሳያወልቁ።

"ለሽማግሌዎችህ ያነሣሁት የሰላምታ ነገር ሰበብ ነው" አሉኝ። "እርግጥ ተቀይሜሃለሁ። ግን ለቅያሜ ብዬ ልጄን አላስለቅስም። የጓደኛህን የታመነን የተሰበረ እግር አይቻለሁ። ጠጅቱ ከአንተ ኋላ ስትቀመጥ ይታየኛል፣ እንቅልፍ አጣለሁ። በሰው ፊት 'ፈራሁ' ልበል? ሽማግሌ ይዞ ለመጣ ሰው ፈራሁ ይባላል?"

"እኔም እፈራለሁ አባባ። ሁልጊዜ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "አየሁህ እኮ ስትፈራ" አሉ። "እኔ ሂድ ሳልልህ ሄደህ ነበር።"

ይህ እሺ ይሁን እምቢ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ተነሥተን ቀብሩ ላይ ደረስን።

እሳቸው ከለቀስተኛው ተቀላቀሉ፤ እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሞተሬ አጠገብ ቆየሁ። ልቤ አላረፈም። ሰው ሲበተን ከዘመዶቻቸው አንዱ፣ አዲስ መኪና ያለው፣ የፊቱን በር ከፍቶ ጠራቸው። "ኦቦ ሁንዴ፣ ይግቡ፤ ቤትዎ አደርስዎታለሁ።" እንደዚህ ዓይነት መኪና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ መንደር መግባትን የሚጠላ ሰው የለም፤ ይሄዳሉ ብዬ ቁልፌን አወጣሁ።

ኦቦ ሁንዴ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ሂዱ እናንተ" አሉ፤ በከዘራቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። "ከኢልማ ኮ ጋር ነው የመጣሁት፤ ከእሱ ጋር እመለሳለሁ።"

ኢልማ ኮ። ልጄ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝና ሄልሜቴን ቶሎ ብዬ አጠለቅሁ። እሳቸው ከኋላዬ ወጡ፤ ሞተሩን ሳላስነሳ በፊት ወገቤን በሁለት እጃቸው ያዙ።