የኢኖክ ጠመንጃ ምን ጎርሶ ኖረ

ባሌ ቨርሊን ስለ አያቱ ጠመንጃ ማውራት ሲጀምር እኔ ሳህን ማጠብ እጀምራለሁ። ሳህኑ ያልቃል፣ ወሬው አያልቅም። አያቱ ኢኖክ ስታምፐር በዚህ በኬንታኪ ተራራችን የቀረውን የመጨረሻ ነብር በአንዲት ጥይት ግንባሩን ብሎ ጣለው፤ ከዚያ ጠመንጃውን ከበሩ በላይ ሰቀለና ዳግም አልተኮሰበትም፤ ልጆቹም እንዳይነኩት ከለከለ። የነብሩ የራስ ቅል ከምድጃው በላይ ተቀምጧል፤ ግንባሩ ላይ ስንጥቅ አለው። ስንጥቅ እንጂ ቀዳዳ አይደለም። አቧራውን የማራግፈው እኔ ስለሆንኩ ልዩነቱን አውቃለሁ፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

የቨርሊን ታላቅ እህት ዴልፊያ ግን ዝም አትልም። ነብሩን የገደለችው የኢኖክ ሚስት፣ አያታችን ኦርሊና ናት ትላለች፤ ልብስ ስታጥብ፣ በልብስ መውቂያው ዱላ። ይህን ከራሷ ከአያቷ አፍ ነው የሰማችው። ቨርሊን ደግሞ ገና ከልጅነታቸው ጀምሮ "የጓዳ ወሬ!" እያለ ሰው ፊት ያሳፍራታል።

ዘንድሮ ጠመንጃው ፍርድ ቤቱ አዳራሽ ይሰቀል ተባለ፤ ከሥሩም የነብር ገዳዩ ስም በነሐስ ሊቀረጽ። ዴልፊያ ይህን ስትሰማ እህል አልወርድ አላት።

"አንዴ ነሐስ ላይ ከተጻፈ የእሷ ነገር አበቃ" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ዕቃውን ሊመረምር ሚስተር ዊትሎ የሚባል የጥንት መሣሪያ ባለሙያ መጣ። ዘመድ አዝማድ፣ ሰባኪያችን ሳይቀር፣ በረንዳው ላይ ተሰበሰበ። ዊትሎ ጠመንጃውን አገላበጠው።

"ሰደፉ የሜፕል እንጨት ነው። አንገቱ ተሰንጥቆ በመዳብ ሽቦ ታስሯል። መጀመሪያ በባልጩት ነበር የሚተኮሰው፣ የእሳት መምቻው በኋላ ተለውጧል። ከመቶ ዓመት በላይ ይሆነዋል።"

ቨርሊን ራሱ የሠራው ይመስል ደረቱን ነፋ።

እኛ ዘንድ የማያውቀውን ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ ጎርሶ እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ መጠቅጠቂያ ዘንጉን በአፈሙዙ ይከታል። ዊትሎም ከተተ። ዘንጉ መጨረሻው ሳይደርስ ቆመ።

"ይሄ ነገር ጎርሷል" አለ።

በአፈሙዙ አቅጣጫ የነበረው ሁሉ ብትን አለ፤ ሰባኪያችን ከሁሉም ቀደመ።

"ታዲያስ!" አለ ቨርሊን። "አዳኝ ባዶ ጠመንጃ ይሰቅላል እንዴ? ነብሩን እንደገደለ መልሶ አጎረሰዋ!"

እውነት ነው፤ ወንዶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዴልፊያ ፊቷ ጭልም አለ።

ዊትሎ ዘንጉ ጫፍ ላይ ብሎን አስሮ አረሩን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ጋር ጎትቶ አወጣው። ከዚያ አፈሙዙን ነጭ ወረቀት ላይ ደፍቶ መታ መታ አደረገው፣ ውስጡንም ፍቆ አየ።

"ባሩድ የለም። ቢበላሽ እንኳ ርዝራዡ ይቀር ነበር። ሰውየው ባሩዱን ረስቶ አረሩን ብቻ ነው የከተተው። እንዲህ የጎረሰ ጠመንጃ ቃታው ቢሳብም አይተኮስም።"

በእኛ ተራራ እንዲህ ያደረገ ሰው እስኪቀበር ድረስ ይሳቅበታል። ቨርሊን ቲማቲም መሰለ።

"ሰው አይደል? ቸኩሎ ነዋ!"

"ወንድሜ" አለች ዴልፊያ ቀስ ብላ፣ "ነብሩ ከሞተ በኋላ ምን አስቸኮለው?"

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ አላፍርም። ከዚያ በረንዳው በሙሉ ተንጫጫ። ዴልፊያ ወደ ቤቷ ሄዳ የዶሮ ቤቷን በር የምትደግፍበትን የአያቷን አሮጌ መውቂያ አመጣች። የነብሩን የራስ ቅል ከምድጃው በላይ አውርዳ፣ የመውቂያውን ጠርዝ ስንጥቁ ላይ አሳረፈችው። ልክክ አለ።

"ታዲያ የማንን ስም ልጻፍ?" አለ ዊትሎ።

ቨርሊን እህቱን አየ። መውቂያውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች።

"ኦርሊና ስታምፐር በል" አለ። "አጣርተህ ጻፍ፣ እንዳትሳሳት።"

"ኢኖክስ ምን ሲያደርግ ነበር?" አለ አንድ የአጎቱ ልጅ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

"እሱማ ሁለት እጇ ነጻ እንዲሆን ጠመንጃውን ይዞላት ነበር!" አለ ቨርሊን።

ዴልፊያ እየሳቀች አለቀሰች፤ ወንድሟን አንገቱን አቅፋ አልለቅም አለች።

አሁን አዳራሹ ውስጥ ዱላው ከላይ፣ ጠመንጃው ከታች ተሰቅለዋል። ቨርሊን እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ዛሬም ይተርካል፤ የማይታይ መውቂያ በሁለት እጁ እያነሳ፣ ወንበር እስኪገለብጥ ድረስ። እኔም ሳህኑን ትቼ እሰማለሁ።