የቀኑን ሁሉ በአንዴ

የስቅለት ዕለት ጠዋት ፍዮሪ ነጠላዋን ፍለጋ አልጋውን ስታገላብጥ ከእናቷ ትራስ ሥር የክኒን ማሸጊያ አገኘች። ባዶ ነው። ከሥሩ ሌላ ነበር፤ እሱም ተራቁቷል።

ክኒኖቹን ከሐኪም ቤት ያመጡት አብረው ነው። እናቷ ሓዳስ ዕድሜዋን ሙሉ አትክልት ተራ የሽንኩርት ጆንያ ስታነሳ ስትጥል የኖረች ሴት ናት። በሆሳዕና ዋዜማ ወገቧ ተይዞ ቀና ማለት አቃታት። ዶክተር ጸሎት ሕመም ማስታገሻና ጡንቻ ማፍታቻ አንድ ላይ ያለበት ክኒን አዘዘችላት፤ ጠዋት፣ ቀንና ማታ፣ ምግብ ተበልቶ የሚወሰድ።

"እንቅልፍ ያመጣብዎታልና ሲነሱ ሲቀመጡ ይጠንቀቁ። ሌላ ማስታገሻም አይደርቡበት" ስትላት ሓዳስ አንገቷን በእሺታ ነቀነቀች። ሳምንቱ ግን ሕማማት ነበር፤ እስከ ማታ እህል ውሃ የማይቀመስበት። ፍዮሪ "የንስሐ አባትሽን አባ ሐድጉን እንጠይቃቸው" ብትላት "በጌታ መከራ ሳምንት ስለ ሆዴ አላወራም" ብላ አፏን አስያዘቻት።

ቀን ቀን የማትበላ ሴት ሁለቱን እሽግ መቼ ጨረሰቻቸው? ፍዮሪ ባዶዎቹን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ስልክ ደወለች። የእናቷ ስልክ እዚያው ቁም ሣጥኑ ላይ ጮኸ። ወጥታ የጎረቤታቸውን የለተክርስቶስን በር አንኳኳች።

"እማዬን አይተሻታል?"

"ንጋት ላይ ነው የሄደችው፣ ጊዮርጊስ። ራሴን ፈለጠኝ ብላኝ ፓራሲታሞል ሰጠኋት። ቡና ከተወች ወዲህ እኮ በየቀኑ ነው የምትወስደው።"

"የወገቡንስ?"

"እሱንማ እፊቴ ዋጠችው፤ የቀኑን ሁሉ በአንዴ። 'ዛሬ ስግደቱ ብዙ ነው፣ እስከ ማታ ይያዝልኝ' አለች። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?"

ፍዮሪ ወደ ጊዮርጊስ ሮጠች። የመድኃኒት ቤቱ ሰው እሽጉን ሲያስረክባቸው ያለው አሁን ጆሮዋ ላይ አቃጨለ፦ በዚህ ክኒን ውስጥ ፓራሲታሞል አለበት፤ ራስ ምታት ቢነሳ እንኳ ሌላ እንዳይጨመር። እናቷ አጠገቧ ቆማ ነበር፤ ግን ዓይኗ ከውጭ ዘንባባ የሚሸጡት ላይ ነበር።

ከአፍንጮ በር ቁልቁል ወረደች። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ታክሲው ሁሉ ሞልቶ ያልፋታል። ቆማ መጠበቅ አልሆነላትም፤ ዳገቱን በእግሯ ተያያዘችው። ፒያሳ ሱቆቹ ዘግተዋል፤ መንገዱ ላይ የሚታየው ነጠላ ለባሽ ብቻ ነው።

ጊዮርጊስ ግቢ ስትደርስ ከአጥሩ እስከ ደጀ ሰላሙ ሰው እንደ ጉድ ተጥለቅልቋል። በነጭ የተሸፈነው ጀርባ ሁሉ የእናቷን መሰላት። አንዷን ነክታ ፊቷን ስታይ ሌላ ሰው፤ ሌላዋንም እንዲሁ። አንዲት ሴትዮ "ልጄ፣ አንድ ቦታ አትረጊም?" ብለው ገሠጿት። "ኪርያላይሶን" ሲባል ሕዝቡ በአንድነት ወደቀ፤ በአንድነት ተነሣ። እንደገና ወደቀ፤ ተነሣ።

ያኔ አየቻት። ከአንድ ጽድ ሥር፣ ሰዉ ሁሉ ሲነሣ አንዲት ሴት ሳትነሣ ቀረች።

"አደይ!" በልጅነቷ እናቷን እንዲህ በትግርኛ ነበር የምትጠራት፤ ዛሬም ሲጨንቃት አፏ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ግንባሯን ከምንጣፉ ቀና አደረገችላት። ሓዳስ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ከደነች።

"ተዪኝ ጓለይ፣ ተዪኝ ልጄ" አለች፣ ምላሷ ተሳስሮ። "አልጨረስኩም።"

ጎን ያለችው ሴት "እንቅልፍ የጣላት መስሎኝ ነው እኮ፣ ድካም ነው ብዬ" ስትል አባ ሐድጉ ሕዝቡን ከፍለው ደረሱ። ፍዮሪ የሆነውን በአጭሩ ነገረቻቸው። አባ ሁለት ጎልማሶች ጠርተው እንዲሸከሟት አደረጉ። ሓዳስ እጃቸውን እየገፋች ብታንገራግር ጎንበስ ብለው "ሓዳስ፣ ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ቢወስድ አትቆጣም። ይልቅ ሳትጠይቂኝ ይህን ማድረግሽ ነው ያሳዘነኝ" አሏት።

ሐኪም ቤት ተረኛዋ ያችው ዶክተር ጸሎት ነበረች። ባዶዎቹን እሽጎች ተቀብላ "ስንት ቀን ነው እንዲህ የወሰዱት?" አለች።

"ሳምንቱን ሙሉ ይመስለኛል። ቀን የሚያልፋትን እያጠራቀመች ማታ ማታ፤ ዛሬ ደግሞ የቀኑን ሁሉ ገና ጠዋት። ፓራሲታሞልም ጨምራበታለች።"

ዶክተሯ ለነርሷ የደም ምርመራ አዘዘችና ፍዮሪን ገለል አደረገቻት። "ያፈዘዛቸው ጡንቻ ማፍታቻው ነው፤ እሱ ይለቃቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ፓራሲታሞሉ ነው። ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፤ በባዶ ሆድና በደከመ ሰውነት ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ ላይ ሕመምተኛው ምንም ላይሰማው ይችላል። ውጤቱን ሳንጠብቅ ማርከሻውን በግሉኮስ እንጀምርላቸዋለን።"

ፍዮሪ ከዚያ ወዲያ መቀመጥ የሚባል ነገር ጠፋባት። ኮሪደሩን ወጣች ወረደች። ወንበሩን ትይዝና ትነሣለች። ገብታ የእናቷን ዓይን ነጭ በስልኳ መብራት ታያለች፤ ቢጫ የመሰላት ጊዜ ነርሷን ትጠራለች። ነርሷ መጀመሪያ በትዕግሥት፣ በኋላ በፈገግታ "ኧረ አምፑሉ ነው እህቴ" እያለች መለሰቻት።

ማታ ላይ ሓዳስ ነቃች።

"ለምን ደበቅሽኝ?" አለቻት ፍዮሪ። ልትቆጣ ነበር የጀመረችው፤ ድምጿ ግን ተሰበረ።

"ምኑን ደበቅሁሽ? ያለፈኝን አካካስኩ እንጂ። አንቺስ ትምህርትሽ ሲያልፍሽ ታካክሺ አልነበረም?"

ዶክተር ጸሎት ከደጅ ሰምታ ገባች። "የመድኃኒት አይካካስም እማማ። ያለፈው አለፈ ተብሎ በሚቀጥለው ሰዓት የሰዓቱ ብቻ ነው የሚወሰደው። ጾም ካለብዎት አስቀድመው ይንገሩኝ፤ ሰዓቱን አብረን እናስተካክላለን። ካስፈለገም መድኃኒቱን እንቀይራለን።"

ሓዳስ ጣሪያውን እያየች "የዛሬው ስግደት ግን ቀረብኝ" አለች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። ከክኒኑ ይልቅ ያቃጠላት ይህ እንደሆነ ፍዮሪ ያኔ ገባት፤ ቁጣዋም ሟሟ።

የመጀመሪያው የደም ውጤት ጉበቷ በመጠኑ መነካቱን አሳየ። የፋሲካ ጠዋት የተደገመው ወደ ጤናማው መመለስ ጀምሮ ነበር። ለተክርስቶስ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳ፣ አልጫና ጠላ ይዛ መጣች። አልጫው ተፈቀደ። ጠላውን ዶክተሯ "ጉበትዎ እስኪያገግም መጠጥ አይነካም" ብላ ከለከለች፤ ለተክርስቶስም ይዛው ተመለሰች።

ሲወጡ ሌላ ክኒን አልታዘዘላትም። ለወገቧ የሚሞቅ ጨርቅና ቀስ ያለ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ተሰጣት። ፍዮሪ ታክሲ ልትጠራ ስትል እናቷ "እስከ ድልድዩ በእግሬ ልሞክረው" አለች። ሓዳስ መንገድ ላይ ሰው ተደግፋ አታውቅም። ፒያሳን ሲያልፉ ግን እጇን በልጇ ክንድ ሥር አስገባች፤ ቁልቁለቱንም እንዲሁ፣ ቀስ እያሉ፣ ወረዱት።